ሽርሽሩ ለማን ነው?

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም።

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን! ዛሬ የምናወጋችሁ ከሩቅ ሀገር፣ ከታይላንድ ስላመጣነው ጉዳይ ነው። እኛ በንግድ ምክንያት በዋና ከተማዋ በባንኮክ ለዓመታት የምንኖር ስድስት የሀገር ልጆች ነን፤ ሦስት ወንዶችና ሦስት ሴቶች። ባንኮክን ብዙዎቻችሁ ልብስ ሊያመጡ በሚመላለሱ ነጋዴ ዘመዶቻችሁ፣ ወይም ለሕክምና ሄደው በተመለሱ ሰዎች በኩል ታውቋታላችሁ። የዛሬው ወሬያችን ግን ስለ ገበያዋም ሆነ ስለ ሆስፒታሎቿ አይደለም። ከአካባቢው ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር ሆነን፣ በወር አንድ ቅዳሜ፣ በአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ የሚያድጉ ልጆችን ሽርሽር እንወስዳለን። ከዚህ ሥራ የተማርነውን ለእናንተ ማካፈል ፈለግን። እናንተም በየከተማችሁ የምትጎበኟቸው የቲሞች አሏችሁና።

በቅድሚያ ስለ ሀገሪቱ ጥቂት እንበል። ዓመታቱን የምንጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የታይላንድ ሕዝብ አብዛኛው የቡድሃ እምነት ተከታይ ነው። ሙስሊሞች ከመቶ አምስት ያህል ናቸው። በደቡብ ጫፍ፣ በማሌዥያ ወሰን አካባቢ ባሉት በፓታኒ፣ በያላ፣ በናራቲዋትና በሳቱን ግን አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ነው። በባንኮክም ቢሆን ሙስሊሙ እንግዳ አይደለም። ከተማዋን አቋርጦ ወደ ምሥራቅ የሚዘልቀው ሴን ሴፕ የተባለው ቦይ በ1830ዎቹ መጨረሻ ሲቆፈር፣ ከፓታኒ በምርኮ የመጡ ሰዎች በዳርቻው ሰፍረው ነበር። ዛሬም በዚያ ቦይ በጀልባ የሚጓዝ ሰው ከግራና ከቀኝ የመስጊድ ጉልላት ያያል።

ይህ ሕዝብ በአንድ ዓመት ሁለት ከባድ መከራ ደርሶበታል። በጥር 2004 በደቡብ የነበረው ግጭት እንደገና ተቀሰቀሰ፤ ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ከ7,000 በላይ ሰው፣ ሙስሊሙም ቡድሂስቱም፣ ሕይወቱን አጥቷል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 26 ቀን ደግሞ ሱናሚ የተባለው የባሕር ማዕበል በአንዳማን ባሕር ዳርቻ ያሉትን ስድስት ክፍለ ሀገሮች መታ። በታይላንድ ብቻ ከ5,000 በላይ ሰው አለቀ። ከሞቱት መካከል ከአውሮፓ የመጡ ጎብኚዎችም፣ በባሕሩ ዳር ዓሣ በማጥመድ የሚኖሩ ሙስሊም ቤተሰቦችም ነበሩ። የዚያን ጊዜዎቹ የቲሞች ዛሬ አድገው ትልልቅ ሰዎች ሆነዋል። ማሳደጊያዎቹ ግን ባዶ አልሆኑም። አባት ሲሞት፣ ትዳር ሲፈርስ፣ አደንዛዥ ዕፅ ቤት ሲያፈርስ፣ እናት ማሌዥያ ተሻግራ በምግብ ቤት ሰሃን ለማጠብ ስትቀጠር፣ ልጅ ወደ ማሳደጊያ ይመጣል። እኛ የምናውቀው ማሳደጊያ ሠላሳ ያህል ልጆች አሉበት። ገሚሶቹ የደቡብ፣ ገሚሶቹ የባንኮክ ዙሪያ ልጆች ናቸው።

ውድ አድማጮቻችን! በማሳደጊያ የሚኖር ልጅ ሽርሽር ሲወጣ ከሁሉ በላይ ምን የሚያስደስተው ይመስላችኋል? ዝሆን ማየት? መዋኘት? እነዚህም ያስደስቱታል። ነገር ግን በማሳደጊያ ሕይወት ሁሉም ነገር በደወልና በሰልፍ ነው። መነሻው በደወል፣ ምግቡ በሰልፍ፣ ልብሱ ከጋራ ሣጥን። ሞግዚቶቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ሠላሳ ልጅ በሌላ መንገድ አይያዝምና ነው። እናም ልጁ የሚያጣው አንድ ነገር አለ፤ መምረጥ።

ባንኮክ ውስጥ ሮቲ የሚባል ምግብ በጋሪ እየተገፋ ይሸጣል። ሻጮቹ አብዛኛውን ጊዜ ሙስሊሞች ናቸው። እኛ ፈጢራ የምንለውን የሚመስል፣ ሊጡ እንደ ጨርቅ ሳስቶ በጋለ ብረት ላይ የሚጠበስ ነው። በእንቁላል፣ በሙዝ፣ ወይም በጣፋጭ ወተት ይቀርባል። አንድ ቀን ለእያንዳንዱ ልጅ ገንዘቡን በእጁ ሰጥተን ‹‹የምትፈልጉትን እዘዙ›› አልናቸው። አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ገንዘቡን ጨብጦ ከጋሪው ፊት ለረጅም ጊዜ ቆመ። ከኋላው ያሉት አልፈውት ሄዱ። በመጨረሻ ወደ እኛ ዞሮ ‹‹እናንተ ምረጡልኝ›› አለ። አልመረጥንለትም፤ አብረነው ቆምን። ብዙ ቆይቶ የጎረቤቱን አይቶ በሙዝ አዘዘ። በሚቀጥለው ወር ከመኪናው ገና ሳይወርድ ‹‹ዛሬ በእንቁላል ነው፤ ሙዙ በጣም ይጣፍጣል›› አለን። ወሩን ሙሉ ሲያስብበት ከርሟል ማለት ነው። ለዚህ ልጅ የዚያ ቀን ሽርሽር ሮቲው ነበር።

ከዚህ በመነሳት ራሳችንን ሁልጊዜ የምንጠይቀው ጥያቄ አለ። ሽርሽሩ ለማን ነው? ለወሳጁ ነው ወይስ ለተወሳጁ? ይህ የኒያ ጉዳይ ነው። ኒያ ደግሞ በልብ ብቻ አይቀርም፤ በሥራ ዝርዝር ይታያል። እኛ የምንጠነቀቅባቸውን ጥቂት ነገሮች እነሆ።

አንደኛ፣ ልጅ አማና ነው። ከማሳደጊያው ግቢ ስንወጣ ስማችንና መታወቂያችን በመዝገብ ይሰፍራል። የማሳደጊያው ሠራተኛ አብሮን ይሄዳል። ለአራት ልጅ ቢያንስ አንድ ትልቅ ሰው ይመደባል። ማናችንም ብንሆን ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻችን አንነጠልም። ስንሳፈርም ስንወርድም ቆጠራ አለ። የምንሳፈርባት መኪና የድሮውን የአዲስ አበባ ውይይት ታክሲ ትመስላለች፤ ከኋላዋ ሁለት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት የተገጠመላት ፒካፕ ናት። ትንንሾቹን ወደ ውስጥ፣ ትልልቆቹን ወደ በሩ እናስቀምጣለን። ከበሩ አጠገብ የሚቀመጠው ግን ሁልጊዜ ትልቅ ሰው ነው። በየልጁ ኪስ የማሳደጊያው ስልክ የተጻፈበት ወረቀት ይገባል።

አንዳንድ ሰው ይህን ያህል ጥንቃቄ ሲያይ ይከፋዋል። ‹‹ለአላህ ብዬ በመጣሁ እንዴት እንደ ሌባ ፓስፖርት እጠየቃለሁ?›› ይላል። ወንድሞችና እህቶች፣ ታይላንድ ክፉ ሰዎች ሕፃናትን ለነውር ፍለጋ ከውጭ ሀገር ሳይቀር የመጡባት ሀገር ናት። ሀገሪቱ በ2003 የሕፃናት ጥበቃ ሕግ ያወጣችው ያለ ምክንያት አይደለም። ዘበኛው የሚጠይቀን ጥያቄ ለልጁ አጥር ነው። ደግ ሰው አጥሩ ቢጠነክር ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋውም። የማይጠይቅ ማሳደጊያ ካያችሁ ያኔ ፍሩ።

ሁለተኛ፣ ፎቶግራፍ። ወደ ማሳደጊያዎች በአውቶቡስ የሚመጡ እንግዶች አሉ። ባነር ይዘረጋሉ፤ ልጆቹ ይሰለፋሉ፤ ስጦታው በእጃቸው እንደተያዘ ፎቶ ይነሳል፤ መዝሙር ይዘመራል፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሁሉም ያበቃል። ፎቶው ግን አያበቃም። ልጁ አድጎ፣ ሠርቶ፣ አግብቶም ቢሆን የሆነ ቦታ የምስኪን ፊት ሆኖ ይኖራል። የሀገሪቱ ሕግ የሕፃኑን ስሜትና ክብር ለመጉዳት፣ ወይም ያለ አግባብ ለመጠቀም ታስቦ ስለ ሕፃን መረጃ ማሰራጨትን ይከለክላል። ለእኛ ለሙስሊሞች ግን ከሕጉም በፊት የመጣ አለ። አላህ በሱረቱል በቀራ ሰደቃን በመመጻደቅና በማስከፋት እንዳናበላሽ አስጠንቅቆናል። ለሰው ለመታየት የሚደረግ ደግነት ሪያእ ነው። የእኛ ልማድ ይህ ነው፤ ልጆቹ ፎቶ ከፈለጉ ካሜራውን ለእነርሱ እንሰጣለን። ያነሱትን አሳትመን ለእነርሱ እንመልሳለን። ከእኛ ጋር የሚቀር የለም።

ሦስተኛ፣ ቀጠሮ። ይህ ከሁሉም ይከብዳል። አንዲት ሞግዚት የነገረችንን እንንገራችሁ። አንድ እንግዳ ለአንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ‹‹በሚቀጥለው ቅዳሜ መጥቼ እወስድሻለሁ›› ብሏት ሄደ። ቅዳሜ ልጅቷ ከፈጅር ጀምሮ ጫማዋን አድርጋ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ምሳ ብሏት እምቢ አለች። እስከ መግሪብ ድረስ ጫማዋን አላወለቀችም። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ረስቶት ነው። ለእርሱ የመሰነባበቻ ቃል ነበር፤ ለእርሷ ግን ቀን ነበር። አንድ ጊዜ አባቱን ወይም እናቱን ያጣ ልጅ፣ ሁለተኛ ሰው ሲቀርበት ‹‹ሰው እንዲህ ነው›› ብሎ ይደመድማል። ስለዚህ ‹‹እንመጣለን›› የሚለውን ቃል ያለ ቀን አንናገርም። ቀን ከተናገርን እንገኛለን። ካልቻልን በዋዜማው ደውለን ልጆቹን ራሳቸውን በስልክ እናነጋግራለን። ‹‹ኢንሻ አላህ›› ስንልም አላህ ከፈቀደ እንፈጽመዋለን ማለታችን እንጂ ማምለጫ በር መክፈታችን መሆን የለበትም።

አራተኛ፣ ቦታው በልጁ ልክ ይመረጥ። ታይላንድ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ባሕር ነው። ነገር ግን አባቱን ባሕር የወሰደበት ልጅ ‹‹ባሕር ዳር እንሂድ›› ሲባል ምን ይሰማዋል? ከሱናሚው በኋላ ይህ ጥያቄ በደቡብ ምዕራብ ዳርቻ የየቀኑ ጥያቄ ነበር። ዛሬም ጎርፍ ያየ አለ፤ የፍንዳታ ድምፅ የሰማና ርችት ሲተኮስ የሚደበቅ አለ። አስቀድሞ ሞግዚቷን መጠየቅ ይህን ሁሉ ያድናል።

ልጆቹ በጣም የሚወዱት አንድ ቀን አለ። በየዓመቱ የጥር ወር ሁለተኛ ቅዳሜ በታይላንድ የልጆች ቀን ነው። መካነ እንስሳት ለልጆች በነፃ ይከፈታሉ፤ የአየር ኃይል አውሮፕላኖቹን ያሳያል፤ በመንግሥት ጽሕፈት ቤት ልጆች በጠቅላይ ሚኒስትሩ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ይህን ቀን የምንወደው ነፃ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በዚያ ቀን የሀገሪቱ ልጅ ሁሉ ይወጣል። የእኛም ልጆች ከሕዝቡ መሐል ይቀላቀላሉ፤ የማሳደጊያ ልጅ መሆናቸውን የሚያውቅ የለም። ለዚህም ነው ተመሳሳይ ካኔቴራ የማናለብሳቸው።

ሌላም አለ። በፓንግ ንጋ የባሕር ወሽመጥ ኮ ፓንዪ የሚባል የሙስሊሞች መንደር አለ። ነዋሪዎቹ ከጃቫ በባሕር የመጡ ዓሣ አጥማጆች ዘሮች ናቸው። ቤቶቻቸው ከውሃው በላይ በምሰሶ ላይ የቆሙ ናቸው። ኳስ የሚጫወቱበት መሬት ስላልነበራቸው የመንደሩ ልጆች በ1986 የዓለም ዋንጫን በቴሌቪዥን አይተው፣ ከአሮጌ ጀልባና ከወዳደቀ እንጨት በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ የኳስ ሜዳ ሠሩ። ኳሱም እነርሱም ውሃ ውስጥ እየወደቁ በእርጥብ እንጨት ላይ ተለማመዱ፤ በኋላም ቡድናቸው ታዋቂ ሆነ። ልጅን እንዲህ ያለ ታሪክ ወዳለበት ቦታ መውሰድ ከሚያብረቀርቅ የመዝናኛ ማዕከል ይሻላል። ምስኪን ሆኖ ሳይሆን ባለሙያ ሆኖ የሚመለስበት ነውና። ምግቡም ያው ሐላል ነው። በሌላ ቦታ ግን የታይላንድ ማዕከላዊ እስላማዊ ምክር ቤት የሰጠው የሐላል ምልክት ያለበትን ቤት አስቀድመን እንፈልጋለን፤ ዙህር የምንሰግድበትንም መስጊድ ሳናውቅ አንወጣም።

አምስተኛ፣ አንምረጥ። ከሠላሳው ልጆች የምንወስደው አሥራ አምስት አሥራ አምስቱን በተራ ነው። ቆንጆዋን፣ ተጫዋቹን፣ ቋንቋ የሚችለውን ለይቶ መውሰድ ለቀረው ልጅ ቁስል ነው። ወንድማማቾችና እህትማማቾች ደግሞ አይነጣጠሉም።

የተከበራችሁ አድማጮች! እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ስለ መልካም ሽርሽር ነው። አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ።

በሸሪዓችን የቲም የሚባለው አባቱ የሞተበት፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ነው። ስለዚህ የቲም ሁሉ እናት የለውም ማለት አይደለም። ሴቭ ዘ ችልድረን የተባለው ድርጅት በ2009 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በዓለም ላይ በማሳደጊያ ከሚኖሩ ሕፃናት ከአምስቱ ቢያንስ አራቱ ከወላጆቻቸው አንዱ ወይም ሁለቱም በሕይወት እንዳሉ ገልጿል። ብዙዎቹ እዚያ የገቡት ቤተሰብ ስላጡ ሳይሆን ቤተሰቡ ስላጣ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በ2019 ባሳለፈው ውሳኔ፣ ማሳደጊያን የጉብኝትና የበጎ ፈቃድ ቱሪዝም ማድረግ በሕፃናት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት መንግሥታት እንዲከላከሉ ጠይቋል። እንግዳ በበዛ ቁጥር፣ ገንዘቡም ወደ ማሳደጊያው በፈሰሰ ቁጥር፣ አልጋው እንዲሞላ የሚፈልግ ሰው ሊመጣ ይችላል። አልጋው የሚሞላው ደግሞ ከእናት ጉያ በወጣ ልጅ ነው።

በምናውቀው ማሳደጊያ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። አባቱ ሞቷል፤ እናቱ ማሌዥያ ናት። ሠራተኞቹ ሲያፈላልጉ በያላ ገጠር አያቱ መኖራቸው ታወቀ። ልጁን ካዩት አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። ያላ ከባንኮክ በባቡር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ይሄዳል። የዚያን ወር ገንዘባችንን ለሦስት ሰው ትኬት አዋልነው፤ ለልጁ፣ ለማሳደጊያው ሠራተኛና ከእኛ ለአንዱ። ወጪው አሥራ አምስት ልጆች መዝናኛ ማዕከል ለማስገባት ከምንከፍለው ያነሰ ነበር።

ልጁ በባቡሩ ውስጥ አልተኛም። ከያላ ጣቢያ ወርደው የወታደር ኬላዎችን እያለፉ በጎማ ዛፎች መሐል ወዳለው መንደር ደረሱ። አያቱ በረንዳ ላይ ነበሩ። አልጮሁም፤ አላለቀሱም። ውሃ አቀረቡ፤ ሩዝና ዓሣ አበሉት፤ በልቶ እስኪጨርስ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ከዚያ አገጩን በእጃቸው ይዘው በማላይኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ሠራተኛው ተረጎመው። ‹‹ይህ አፍንጫ የአባትህ ነው። ጆሮህ ግን የእኔ ነው›› ነበር ያሉት። ልጁ እጁን ወደ ጆሮው ሰደደ።

አስቡት፣ አድማጮቻችን። በማሳደጊያው ምግብ ነበረው፤ ትምህርት ነበረው፤ አልጋ ነበረው፤ እኛም በየወሩ ሮቲ እናበላው ነበር። ማንን እንደሚመስል የሚነግረው ግን አንድም ሰው አልነበረም። አላህ በሱረቱል አሕዛብ ልጆችን በአባቶቻቸው ስም እንድንጠራ ያዘዘው ያለ ጥበብ አይደለም።

የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅነት እናስታውስ። አባታቸው ሳይወለዱ ሞተዋል። ስድስት ዓመት ሲሆናቸው እናታቸው አሚና ዘመድ ለማሳየት ወደ መዲና ወሰደቻቸው፤ በመልሱ ጉዞ አብዋእ ላይ እርሷም ሞተች። ያን ብቻውን የቀረ ሕፃን ይዛ መካ ድረስ ያመጣችውና በአያቱ በዐብዱል ሙጠሊብ እጅ ያደረሰችው ማን ናት? በረካ ናት፤ ኡሙ አይመን፣ የሐበሻዋ ሴት። የቲምን ልጅ አያቱ ዘንድ ማድረስ ለእኛ ከድሮ የመጣ ውርስ ነው።

እርግጥ ነው፣ ዘመድ ሁሉ ደህና ነው ማለት አይቻልም። ልጅ የተደበደበበት፣ የተበደለበት ቤት አለ። ስለዚህ ማን ወደ የት ይሂድ የሚለውን የሚወስኑት ቤቱን አይተው የሚያጣሩት ባለሙያዎች እንጂ እኛ አይደለንም። የእኛ ድርሻ ትኬቱ ነው፤ አብሮ መጓዙ ነው። ዛሬ ከምናዋጣው ገንዘብ ግማሹ ለወሩ ሽርሽር፣ ግማሹ ለዚህ ጉዞ ይውላል። የያላው ልጅ አሁንም በማሳደጊያው ነው፤ በዒድና በትምህርት ቤት ዕረፍት ግን ወደ አያቱ ይሄዳል። ከሌሎቹ መካከል ሁለት እህትማማቾች ለእናታቸው በየወሩ የሩዝና የትምህርት ቤት ወጪ ስለተመደበላት ጠቅልለው ወደ ቤታቸው ገብተዋል። የእነርሱ አልጋ ባዶ ሲሆን እኛ ደስ አለን።

እህቶችና ወንድሞች! ዒድ በመጣ ቁጥር በየከተማችሁ ወደ የቲሞች ማሳደጊያ በግ ይዛችሁ እንደምትሄዱ እናውቃለን። አላህ ይቀበላችሁ። በዚህ ላይ ግን አንድ ጥያቄ ጨምሩበት። ስጦታውን ከማውረዳችሁ በፊት ኃላፊውን ‹‹ከእነዚህ ልጆች አያት፣ አክስት፣ እናት ያለው የትኛው ነው? ሄዶ ለመጠየቅ የጎደለው ምንድን ነው?›› በሉት። መልሱ ብዙ ጊዜ የአውቶቡስ መሳፈሪያና አብሮ የሚሄድ አንድ ሰው ይሆናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የቲምን የሚንከባከብ ሰው በጀነት ለእርሳቸው ምን ያህል ቅርብ እንደሚሆን ሁለት ጣቶቻቸውን አቀራርበው አሳይተዋል። ያ ቅርበት በአንድ ቀን ጉብኝት የሚገኝ አይመስለንም።

አላህ ሥራችንን ለእርሱ ብቻ የጠራ ያድርግልን። የቲሞቻችንን ከቤተሰቦቻቸው ያገናኝልን፤ ቤተሰብ ለሌላቸው እኛን ቤተሰብ ያድርገን። አሚን።